የበሩ ስፋት ስንት ነው?

በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ኢንቴሪየር ዲዛይን ትምህርት የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስለሚሰጥ የኢንቴሪየር ዲዛይን ትምህርት እንድናገር ተጋብዤ ነው የመጣሁት። ርእሱን ሲሰሙ «መጋረጃ ለመምረጥ ደግሞ ኮሌጅ መግባት ምን አመጣው?» ያሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ልጄ ነርስ ትሁንልኝ፣ ፋርማሲ ትግባልኝ እያለ ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ፣ ልጅቱ «እኔ ኢንቴሪየር ዲዛይን ነው የምማረው» ስትለው ደንገጥ ቢል አይገርምም። ስለዚህ ከመጋረጃው አልጀምርም፤ ከእሳት ነው የምጀምረው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ኖቬምበር 28 ቀን 1942፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቦስተን ከተማ ውስጥ ኮኮናት ግሮቭ የሚባል የምሽት ክበብ ተቃጠለ። ቤቱ እንዲይዝ የተፈቀደለት 460 ሰው ሲሆን ያን ምሽት ግን የታጨቀበት ሕዝብ ከዚያ እጥፍ በላይ ነበር። ቤቱ እንደ ዘመኑ አጊጧል፤ ሰው ሠራሽ ዘንባባዎች ቆመውበታል፣ የምድር ቤቱ ኮርኒስ በጨርቅ ተለብጧል። እሳቱ ከምድር ቤቱ ተነሥቶ በዚያ ጨርቅ ላይ እየሮጠ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቤቱን አዳረሰው። ሰው ሁሉ ወደ ዋናው መግቢያ ተንጋጋ። መግቢያው ዙሪያውን የሚዞር በር ስለነበር ግፊያው ሲበዛበት ተቀረቀረ። ከቀሩት በሮች አንዳንዱ ተቆልፏል፤ አንዳንዱም የሚከፈተው ወደ ውስጥ ስለሆነ ሕዝቡ ተደግፎት እያለ ሊከፈት አልቻለም። 492 ሰው ሞተ።

ዛሬ በየሱቁና በየአዳራሹ ከሚዞረው በር ጎን ወደ ውጭ የሚከፈት ተራ በር የምታዩት፣ በየመውጫው አናት ላይም የማይጠፋ የ«ኤግዚት» መብራት የምታዩት እንዲህ ባለው እሳት ምክንያት በጠበቁ ደንቦች ነው። ትምህርቱ ግን ቶሎ ይረሳል። በ2003 ሮድ አይላንድ ውስጥ ዌስት ዋርዊክ በምትባል ከተማ ስቴሽን የተባለው የሙዚቃ ክበብ ሲቃጠል 100 ሰው አለቀ። በመድረኩ ዙሪያ ግድግዳው ላይ የድምፅ ማፈኛ ተብሎ የተለጠፈው ስፖንጅ ከመድረኩ ርችት ላይ እሳት ያዘ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ኮርኒሱን በምን እንልብጠው፣ ግድግዳው ላይ ምን እንለጥፍ፣ በሩ ወዴት ይከፈት የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ለማን ነው? ለኢንቴሪየር ዲዛይነሩ ነው። በዚህ አገር የግድግዳና የኮርኒስ ልባስ በሕዝብ ቤት ውስጥ ከመለጠፉ በፊት የእሳት ደረጃው መታወቅ አለበት። 24 ጫማ የሚረዝም ናሙና የመፈተኛ ዋሻ ውስጥ ይገባና ለ10 ደቂቃ እሳት ይለቀቅበታል። ነበልባሉ በላዩ ላይ የሚሮጥበት ፍጥነት በቁጥር ይሰጣል፤ የሲሚንቶ ሰሌዳ 0፣ ቀይ የኦክ እንጨት ደግሞ 100 ገደማ ተብሎ መለኪያው ተቀምጧል። እስከ 25 ያገኘ ዕቃ «ክላስ ኤ» ይባላል፣ እስከ 75 «ክላስ ቢ»፣ እስከ 200 «ክላስ ሲ»። ተማሪዋ የወደደችውን ጨርቅ ይዛ ስትመጣ መምህሯ የሚጠይቃት ጥያቄ «ያምራል ወይ?» ሳይሆን «ደረጃው ስንት ነው? የትኛው ክፍል ውስጥ ነው የምታውዪው?» የሚለው ነው።

ሙያው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በአሜሪካ ከቀደምቶቹ አንዷ የምትባለው ኤልሲ ደ ዎልፍ የመድረክ ተዋናይት ነበረች። በ1905 ኒው ዮርክ ውስጥ ኮሎኒ ክለብ የተባለውን የሴቶች ክበብ እንድታስጌጥ ተቀጠረች፤ በትምህርት ሳይሆን በዓይኗና በድፍረቷ ሠራችው፤ ስሟም ከዚያ ገነነ። ከእርሷ ወዲህ በመጣው ትውልድ ፍሎረንስ ኖል በሥነ ሕንፃ ሠልጥና ተነሣች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኖል ኩባንያ ውስጥ የፕላን ክፍል አቋቁማ የየመሥሪያ ቤቱን ውስጥ ስታደራጅ ከቀለሙ በፊት ሰዎቹን ታነጋግር ነበር፤ ማን ከማን ጋር ይሠራል፣ ምን ያህል ወረቀት ያስቀምጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ምን ያደርጋል እያለች። «አስዋቢ» ብሎ የሚጠራትንም አትወድም ነበር። የዛሬው ትምህርት የኖልን መንገድ የተከተለ ነው፤ ተማሪው እርሳስ ከማንሣቱ በፊት ጠይቆ መጻፍ ይማራል። በእኔ ግምት ትልቁ የትምህርቱ ክፍል ይህ ነው፤ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ተማሪው የሚሰጠው ሥራ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ የኪስ ሜትርህን ይዘህ የምትኖርበትን ክፍል ለካና ሩብ ኢንች አንድ ጫማን እንዲወክል አድርገህ ሣለው ይባላል። ለክቶ ይመጣል፤ ሲሥለው ክፍሉ አይገጥምም። ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ጥጉ እያለ የለካቸው ቁርጥራጮች ሲደመሩ ከግድግዳው ርዝመት ያንሳሉ ወይም ይበልጣሉ። ለምን? የመስኮቱን መቃን አንድ ጊዜ ጨምሮ፣ ሌላ ጊዜ ትቶ ለክቶታል። ወይም ጥጉ ቀጥ ያለ መስሎት ነበር፤ ቀጥ ያለ ጥግ ያለው ቤት ደግሞ ብዙ አይደለም። ወይም ለግድግዳው ውፍረት ቦታ አልሰጠም። መምህሩ መልሶ ይሰደዋል፤ ቁርጥራጩን ለካ፣ ጠቅላላውንም ለብቻ ለካ፣ ሁለቱን አስተያይ። ከዚህ በኋላ ነው አውቶካድና ሬቪት የሚባሉት ፕሮግራሞች የሚመጡት። (ሁለቱም ለተማሪ በነፃ ይሰጣሉ፤ ገንዘብ ከፍላችሁ እንዳትገዙ።) ኮምፒውተሩ በተሳሳተ ልኬት ላይ የሚያምር ሥዕል ይሠራላችኋል፤ ስሕተቱን አይነግራችሁም።

የጨርቅ ትምህርቱ ደግሞ ሌላ ነው። መምህሩ ከጨርቁ ላይ አንድ ክር ይመዝና በወረንጦ ይዞ እሳት ያስነካዋል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ከእሳቱ ሲያርቁትም የመጥፋት ጠባይ አለው። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ይኮማተራል፣ ሲበርድም ጠጣር ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ንጹሕ ጥጥ ነው ተብሎ የተሸጠለትን ነጠላ የሚጠራጠር ሰው ካለ ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ መሞከር ይችላል፤ ከእቃ ማጠቢያው አጠገብ ይሁን እንጂ። ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ የሚደረገው ሶፋውን የሚያለብሰው ሰው የሚያለብሰው ነገር ሲነድ ምን እንደሚሆን እንዲያውቅ ነው።

ርእሴ ላይ የጠየቅሁት በር እዚህ ላይ ይመጣል። በ1990 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ፣ በአጭሩ ኤ ዲ ኤ የሚባለው፣ ሕዝብ የሚገለገልበት በር ሲከፈት ቢያንስ 32 ኢንች እንዲያሳልፍ ይጠይቃል። ጀማሪው ተማሪ 32 ኢንች በር ይሥልና ሕጉን ያከበረ ይመስለዋል። በሩ ዘጠና ዲግሪ ተከፍቶ ሲቆም ግን የራሱ ውፍረት ከመተላለፊያው ላይ ይወስዳል፤ መቃኑ ላይ በሩን የሚያቆመው ጠርዝም ይወስዳል። የቀረው ከ32 በታች ነው፤ የተሽከርካሪ ወንበሩ ተጠቃሚ እጁን ከመቃኑ ጋር ያጋጫል። ስለዚህ የሚሣለው 36 ኢንች በር ነው። ወንበሩ የሚዞርበት ቦታ 60 ኢንች ስፋት ያለው ክብ ይፈልጋል። የመጸዳጃው መቀመጫ መሐል ከጎን ግድግዳው ከ16 እስከ 18 ኢንች መራቅ አለበት፤ የእጅ መደገፊያው ከወለሉ ከ33 እስከ 36 ኢንች ከፍ ይላል። አንድ ኢንች ሲሳሳቱ ኮንክሪት ተሰብሮ ቧንቧ ይነቀላል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ምግብ ቤት ያላችሁ ሰዎች አላችሁ፤ ስለዚህ አንድ ጥያቄ በእናንተው ቤት ልሥራ። ይኸው ሕግ በምግብ ቤት ውስጥ ቢያንስ ከመቶ አምስት እጅ መቀመጫው በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው የሚስተናገድበት እንዲሆን ይጠይቃል። የጠረጴዛው ፊት ከወለሉ ከ28 እስከ 34 ኢንች መሆን አለበት፤ ከሥሩም ጉልበት የሚገባበት 27 ኢንች ክፍተት ያስፈልጋል። መሶባችን ዝቅ ያለ ነው፤ ሰዉ በበርጩማ ከቦት ይቀመጣል። መሶቡን በሳጥን ላይ ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ ታቹ ሰፊ ስለሆነ ጉልበት አያስገባም። ጥግ ላይ አንድ ተራ ጠረጴዛ አስቀምጦ «እርስዎ እዚያ ይቀመጡ» ማለት ሕጉን ያሟላ ይሆናል፤ ግን በአንድ ገበታ የመጣን ቤተሰብ መለያየት ነው፣ ለእኛ ደግሞ ነውር ነው። ጎበዝ ተማሪ ከዚህ ይጀምራል፤ መሶቡ ሲከፈት የሚቀርበውን ትሪ ያወጣና ቀጭን እግር ባለው ትክክለኛ ከፍታ ላይ ያስቀምጠዋል፣ በርጩማዎቹን ያስረዝማቸዋል፣ የስፌቱን ቅርጽ ጠረጴዛው ዳር ላይ ያመጣዋል። ወይም ሌላ ነገር ያስባል። የቡናው ቦታም እንዲሁ ነው። ከሰልና ዕጣን በተዘጋ ቤት ውስጥ የአየር ማስወጫ ጉዳይ ያስነሣሉ፤ ዲዛይነሩ ጀበናው የት እንደሚቀመጥ፣ ሰው በየት እንደሚያልፍ ይሥላል፣ የማስወጫውን ቧንቧ ስፋት ግን የሚያሰላው መሐንዲሱ ነው። ሸክም የተሸከመ ግድግዳ ማፍረስም የዲዛይነሩ ሥልጣን አይደለም። የራስን ወሰን ማወቅ በዚህ ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ነገር ነው።

ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ሆስፒታልና የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ፤ ስለዚህ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ሮጀር አልሪክ የተባለ ተመራማሪ በ1984 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በፔንሲልቬንያ አንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አስተያየ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ወደ ዛፎች ያያል፤ የግማሾቹ የጡብ ግድግዳ ያያል። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም የወሰዱት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ናሙናው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የሆስፒታል ዲዛይን ትምህርት ከዚህ ጽሑፍ ወዲህ ተለውጧል። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አልጋው ከመታጠቢያ ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ አረጋዊው ሌሊት ሲነሡ የሚይዙት ነገር የት እንደሚያጥር፣ ጋሪው የትኛውን ጥግ እንደሚያጋጭ ከነርስ ረዳት በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሰው ወደዚህ ክፍል ሲገባ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የመጣው ወጣት የሌለው ነገር ይዞ ነው የሚገባው። ይህን የምለው ለማበረታታት አይደለም፤ የሕክምና ቦታ ዲዛይን የሚሠሩ ድርጅቶች የሚፈልጉት ዕውቀት ስለሆነ ነው።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን በሚመለከት ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። ከመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አንጋፋው ኢሊኖይ ውስጥ ያለው ጆሊየት ነው፤ በ1901 በ6 ተማሪዎች ተጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመለሱት ወታደሮች የትምህርት ድጎማ አግኝተው ኮሌጆቹን ሞሉ፤ በ1947 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን በየአካባቢው እንዲስፋፉ መከረ። መለያቸው ይታወቃል፦ በራቸው ክፍት ነው፣ ክፍያቸው ከዩኒቨርሲቲው ያነሰ ነው፣ የማታ ትምህርት አላቸው። በእኛ አካባቢ ኖቫ እያልን የምንጠራው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አለ። አብዛኞቻችሁ የምታውቁት የአሌክሳንድሪያውንና የአናንዴሉን ግቢ ነው፤ የኢንቴሪየር ዲዛይኑ የሁለት ዓመት አሶሼት ዲግሪ ግን ቤቱ ላውደን ካምፓስ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ እዚያ መድረስ ምን እንደሚመስል መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከመመዝገባችሁ በፊት የክፍሉን ሰዓት እዩ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር አሰልቺ ነው፤ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ጥቅም ያለው እርሱ ስለሆነ ወረቀት ያላችሁ ጻፉ።

በሰሜን አሜሪካ የኢንቴሪየር ዲዛይነር ብቃት የሚመዘነው ኤን ሲ አይ ዲ ኪው በሚባል ፈተና ነው። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው። ፈተናውን ለመጨረስ ትምህርትና የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ትምህርቱ ሲያንስ ልምዱ ይበዛል። በዘርፉ የባችለር ዲግሪ ያለው 3,520 ሰዓት የሥራ ልምድ ይበቃዋል። የባችለር ዲግሪ ሳይኖረው 60 የዲዛይን ክሬዲት ያለው 5,280 ሰዓት ያስፈልገዋል። 40 የዲዛይን ክሬዲት ያለው ደግሞ 7,040 ሰዓት። ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ሰው እነዚህ ሁለት፣ ሦስትና አራት ዓመት ገደማ ናቸው።

ወጥመዱ «የዲዛይን» የምትለው ቃል ላይ ነው። አሶሼት ዲግሪ ባጠቃላይ 60 ክሬዲት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግን እንግሊዝኛ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ኮርስ አለ። እነዚህ ለዲግሪው ይቆጠራሉ እንጂ ለፈተናው የዲዛይን ክሬዲት ሆነው አይቆጠሩም። ስለዚህ «60 ክሬዲት ጨርሻለሁ» ብሎ ሦስት ዓመት ያቀደ ሰው ሲቆጠርለት 40ዎቹ ውስጥ ወድቆ አራት ዓመት ይሠራል። ይህ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ሒሳቡን ሥሩት፤ የባችለሩ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ ሁለት ዓመት ይሠራል፣ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ሁለት ዓመት ተምሮ አራት ዓመት ይሠራል። ሁለቱም ስድስት ዓመት ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው እየከፈለ የሚያሳልፋቸውን ሁለት ዓመታት ሌላው እየተከፈለው ማሳለፉ ነው። ልጆቻችሁን «የሁለት ዓመት ትምህርት የትም አያደርስም» ስትሏቸው ይህን ስሌት አላያችሁትም።

ሌላው ወገን ደግሞ እንዳይሸፈን። ሲዳ የሚባለው የዘርፉ ዕውቅና ሰጪ አካል ዕውቅና የሚሰጠው ለባችለርና ከዚያ በላይ ላሉ ፕሮግራሞች ነው፤ ለሁለት ዓመቱ አይሰጥም። ትልልቆቹ ድርጅቶች ሲቀጥሩ ይህን ያያሉ። በቨርጂኒያ ቪ ሲ ዩ የሚባለው ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲና ቨርጂኒያ ቴክ ዕውቅና ያለው ፕሮግራም አላቸው፤ ወደዚያ ለመሻገር ያሰበ ተማሪ ኮሌጁ የሚሰጠው አሶሼት ዲግሪ ለሥራ የተዘጋጀው ዓይነት ነው ወይስ ለትራንስፈር የተዘጋጀው ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ለሥራ የተዘጋጀው ክሬዲቱ ሁሉ ላይተላለፍ ይችላል። የስቱዲዮ ኮርሶች ደግሞ አንዱ ያንዱ መሰላል ስለሆኑ ዩኒቨርሲቲው ፖርትፎሊዮውን፣ ማለትም የተማሪውን ሥራዎች ስብስብ፣ አይቶ «ሁለተኛ ዓመት ጀምሪ» ሊል ይችላል፤ ሁለት ሲደመር ሁለት አራት መሆኑ ቀርቶ አምስት ይሆናል።

የፈቃዱ ሕግም ከቦታ ቦታ ይለያያል። አላባማ በ1982 የማዕረግ ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ነበረች፤ በኋላ ሥራውን ራሱን የከለለችበትን ሕግ ግን የክፍለ ግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ሻረው። እዚህ እኛ ጋ ዲሲ ፈቃድ ይጠይቃል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሥራውን አይከለክሉም፤ «ሰርቲፋይድ» የሚለውን ማዕረግ ግን ያላሟላ ሰው እንዳይጠራበት ያግዳሉ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ዲሲ በገባችሁ ቁጥር ሕጉ ይለወጣል ማለት ነው።

የሁለት ዓመቱን ጨርሰው የወጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የት እንደሚገቡ ልንገራችሁ፤ የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ዲዛይን በሚሸጡ ሱቆች፣ የቢሮ ዕቃ አከፋፋዮች ዘንድ፣ ኮንትራክተር ቢሮ ውስጥ ፕላን በመሣል፣ የወለልና የጨርቅ ማሳያ ቤቶች ውስጥ። የፌዴራሉ የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ በ2023 ያወጣው የኢንቴሪየር ዲዛይነሮች የዓመት ገቢ መካከለኛ አኃዝ ከ60,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው፤ ጀማሪውም ከታች ካሉት ነው። በቴሌቪዥን የምታዩት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤቱ ፈርሶ ተሠርቶ ባለቤቷ የምታለቅስበት ዝግጅት የዚህ ሙያ ውሎ አይደለም። ውሎው ስልክ ነው፣ የዘገየ ሶፋ ነው፣ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር መከራከር ነው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሐሳቧን ለለወጠች ደንበኛ ፈገግ ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ኮሌጁ አማካሪ የሚሄድ ሰው ይዟቸው እንዲሄድ የምፈልጋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በዚህ ዲግሪ ውስጥ የዲዛይን ክሬዲቱ ለብቻው ስንት ነው? የልምምድ ሥራ የምታገናኙት የት ነው? ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ፖርትፎሊዮ ማየት እችላለሁ? ሬቪት የሚሰጠው በየትኛው ሴሚስተር ነው? የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት በቨርጂኒያ አንድ ዓመት መኖር እንደሚያስፈልግም አስቡ፤ ገና የመጣችሁ ካላችሁ ቀኑን ቆጥራችሁ መመዝገብ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት ድጎማ ማመልከቻ ቅጽ መሙላት አትተዉ፤ ፔል የሚባለው የመንግሥት ድጎማ እስከ 7,395 ዶላር በዓመት የደረሰበት ጊዜ አለ፤ ደንቡን ጠብቆ ለጨረሰ ተማሪ ደግሞ የሚመለስ ብድር አይደለም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። የምግብ ቤት ፕላን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ወደ ፊት ኑ፤ ሜትር ይዣለሁ፤ ከመታጠቢያ ቤቱ በር እንጀምራለን።